ማንኪያ ላይ የታየው ዱቄት

መጽሐፍ ጠራዡ ሰኞ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ደም ተፍቶ ሞተ። ሐሙስ ሳይደርስ ገዳዩ ተገኘ ተባለ። ማን ነው ቢሉ፣ ፊደል ያልቆጠረችው አስታማሚው። በአንድ ቤት ማንበብ የማይችል አንድ ሰው ብቻ ካለ፣ ማንበብ የሚችሉት ሁሉ ንጹሕ ናቸው መሰል።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም የጻፈው ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። የቆየ የጨጓራ ቁስል ተከፍቶ ደም ፈሷል፤ ቁስሉ በአንድ ቀን የተከፈተ አይደለም፤ በሟች ደም ውስጥ ለጨጓራ ሕመምተኛ የማይፈቀድ የሕመም ማስታገሻ ተገኝቷል። የቀረውን ቤተሰቡ ሞላው። ሚስትየዋ ለጉልበቷ ማስታገሻ ትወስዳለች፤ አስታማሚዋ ጽሑፍ አትለይም፤ ስለዚህ የእትዬን ኪኒን ለጋሼ ሰጠች። አለቀ፣ ደቀቀ።

«ሄደሽ ይዘሻት ነዪ» አላት የጣቢያው አዛዥ ለመርማሪዋ። «አትክድም አሉ። ስትጠየቅ ታለቅሳለች።»

«ማልቀስ ማመን ከሆነ ለቀስተኛ ሁሉ ገዳይ ነው» አለች መርማሪዋ ቦርሳዋን እያነሣች።

ባልደረቦቿ በሌለችበት «ወስፌ» ይሏታል። ቀጭን ናት፤ የገባችበትን ቀዳዳ ደግሞ ሳታሰፋ አትወጣም። በፊቷ እንዲህ ብሎ የጠራት ግን እስካሁን የለም።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ምድር ቤቱ የመጽሐፍ መጠረዣ፣ ላይኛው መኖሪያ። መርማሪዋ ስትገባ ሦስቱም ተሰብስበው ጠበቋት። የሟች ሚስት፣ ከአባቷ ጋር መጻሕፍት የምትሰፋው ልጃቸው፣ እንዲሁም የሟች ታናሽ ወንድም። እሱ በመጻሕፍቱ ጀርባ ላይ የወርቅ ፊደል የሚለብጠው ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ ወርቅ ለባጩ ይለዋል።

«የታለች?» አለች መርማሪዋ።

«ልብስ ማጠቢያው ክፍል ናት» አለ ወርቅ ለባጩ። «ቆልፌባታለሁ። እንዳታመልጥ ብዬ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከትናንት።»

«ሰው የመቆለፍ ሥልጣን የሰጠዎት ማነው? የመጽሐፍ ሽፋን አደረጓት እንዴ?» መዳፏን ዘረጋች። «ቁልፉን።»

አስታማሚዋ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳን ያለፈ፣ እጇ በሳሙና የተላጠ፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት።

«እርስዎ ነዎት መድኃኒቱን የሚሰጡት?»

ሴትየዋ ሌላ ሰው ከኋላዋ እንደ ቆመ ሁሉ ዞር ብላ አየች። ግድግዳ ብቻ ነው። ከዚያ ነው «እርስዎ» የተባለችው ራሷ መሆኗ የገባት።

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት እንደሚሰጡ ያሳዩኝ። አይንገሩኝ፣ ያሳዩኝ።»

ኩሽና ገቡ። አስታማሚዋ ብርጭቆ ውኃ ቀዳች፤ ትንሽ ማንኪያ አወጣች።

«ጋሼ ከእንቅልፋቸው እንደ ተነሡ፣ ምንም ሳይቀምሱ ነው የምሰጣቸው። ከዚያ ግማሽ ሰዓት ቆጥሬ ቁርስ። ሰዓት አነባለሁ፤ ፊደል ነው ያልሆነልኝ። ጨጓራ ምግብ ሲመጣለት ነው አሲዱን የሚያመነጨው፣ መድኃኒቱ ቀድሞ ካልደረሰ ዋጋ የለውም ብሎኛል የሚያክማቸው ሐኪም።»

«ይውጡት ነበር?»

«ከየት አምጥተው። ጉሮሯቸው እምቢ ካለ ዓመት አልፎታል። ሐኪሙ ካፕሱሉን ክፈቺው አለኝ። ውስጡ ያሉትን ፍሬዎች በአንድ ማንኪያ የተፈጨ ፖም ላይ እነሰንሳለሁ፤ ሳያኝኩ ይውጡታል፤ ውኃ ያስከትሉበታል። እንዳትፈጪው ብሎኛል። እያንዳንዱ ፍሬ ልባስ አለው፤ ልባሱ ከተሰበረ የጨጓራው አሲድ መድኃኒቱን ራሱን ያበላሸዋል።»

«ፍሬዎቹ ምን ይመስላሉ?»

«ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ፣ ነጫጭ። ካፕሱሉን ጆሮ ሥር ሲነቀንቁት ሻ ሻ ይላል።» ቆም አለች። «በፊት ማለቴ ነው።»

«አሁንስ?»

«ሦስት ሳምንት ሆነው። ካዲሱ ካርቶን ወዲህ ፍሬ የለውም። ዱቄት ነው። ነጭ ዱቄት።»

መርማሪዋ ትጽፍ የነበረውን አቆመች።

«ይህን ለማን ነገሩ?»

«ለእትዬ ነገርኩ። ‹ፋብሪካው ቀይሮት ይሆናል፣ አንቺ ምን አገባሽ› አሉኝ። ለልጅቱ ነገርኩ፤ ‹ማታ አየዋለሁ› አለችኝ። ብዙ ማታ አለፈ። ለራሳቸው ለጋሼም ነገርኩ፤ እሳቸው ደክሟቸው ነበር፣ ‹መድኃኒት ያው መድኃኒት ነው› አሉ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ጠቆረ። ሐኪሙ እንዲህ ካያችሁ ውስጣቸው እየደማ ነው፣ በዚያው ቀን አምጧቸው ብሎ ነበር። ለእትዬ ስነግራቸው ‹ጠዋት ጠዋት ስለ ሰገራ አታውሪኝ› አሉኝ። ክሊኒክ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ‹ቤተሰብ ይምጣ› አለችኝ።»

«ለሟች ወንድምስ?»

«እሳቸው ሰላምታዬንም አይመልሱም። ወደ ላይም አይወጡ፤ ምሳቸውን የሚበሉት እዚያው ታች ነው።»

«ከሰኞ ወዲህ ይህን የጠየቀዎት ሰው አለ?»

«የለም። ‹ለምን ገደልሽው› ነው የሚሉኝ። ለዚያ ደግሞ መልስ የለኝም።»

መርማሪዋ ቀኑን ቆጠረች። አራት ቀን። ፖሊስ ገብቶ ወጥቷል፤ ሐኪም ገብቶ ወጥቷል፤ ሐዘንተኛ ገብቶ ወጥቷል። መድኃኒቱን በየጠዋቱ በእጇ የነካችውን አንዲት ሴት ግን፣ መድኃኒቱ ምን ይመስላል ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

«ካርቶኑ የት አለ?»

«ሰኞ ዕለት ከቁም ሣጥኑ ጠፋ። ማን እንደ ወሰደው አላየሁም። ባዶ ካርቶን ነው የወሰዱት እንጂ መድኃኒቱ እኔ ጋ ነው። ሐኪሙ ስትመለሱ ያለቀውንም ያላለቀውንም ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ ስላለኝ ሁሉንም አስቀምጣለሁ።»

ከመደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አውርዳ ከፈተችው። የብዙ ወር ባዶ ማሸጊያዎች በክር ታስረው ተቀምጠዋል። ከላያቸው ገና ያላለቀ አንድ አለ፤ ዘጠኝ ካፕሱል ቀርቶታል። መርማሪዋ አንዱን አውጥታ ጆሮዋ ሥር ነቀነቀችው። ዝም አለ። ከዚያ ማሸጊያዎቹን ገልብጣ ጀርባቸውን መስኮቱ ብርሃን ላይ አስተያየች። የአሮጌዎቹ የብር ወረቀት እንደ ወንፊት በጥቃቅን ጥልፍልፍ መስመር የታተመ ነው። የአዲሱ እንደ መስተዋት ለስልሷል፤ የራሷ አፍንጫ ታያት።

ሁለት ካፕሱል ለብቻ አሽጋ ውጭ ለቆመው ፖሊስ ሰጠችው፤ «ለሆስፒታሉ ላቦራቶሪ። ከሰዓት በኋላ መልስ እፈልጋለሁ በል» አለችው።

ሚስትየዋ ሳሎን በጥቁር ልብስ ተቀምጣለች። የእጅ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ ነው።

«የጉልበትዎን ኪኒን ያሳዩኝ።»

ከቦርሳዋ አወጣች። ቢጫ፣ ትልልቅ፣ ክብ ኪኒን። ከማሸጊያው የጎደለው እሷ ከወሰደችው ጋር ልክ ነው።

«ሁልጊዜ እዚህ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት?»

«ከቦርሳዬ ወጥቶ አያውቅም።»

«አስታማሚዋ ቦርሳዎን ትከፍታለች?»

«እሷ? የኔን ቦርሳ?» ሴትየዋ እንደ ተሰደበች ቀና አለች። «እጇን ነበር የምቆርጠው።»

«እንግዲያው ከየት አምጥታ አደባለቀችው?»

ሚስትየዋ ኪኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ዘጋችው። መርማሪዋ ወደ መጠረዣው ወረደች።

ታች ልጅቱ የታጠፉ ወረቀቶችን በመርፌ ትሰፋለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ስፌቱ ግን ቀጥ ያለ ነው።

«መድኃኒቱን ከፋርማሲ ያመጣው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት አርብ ዕለት ገዛሁትና እዚህ ጠረጴዛ ላይ ረስቼው ሄድኩ። ሰኞ ነው ወደ ላይ ያወጣሁት።»

«በመሃሉ እዚህ ማን ይገባል?»

«ቁልፉ እኔ፣ እማዬና አጎቴ ጋ ነው ያለው።»

«አባትሽ ማስታገሻ እንደ ተከለከለ ማን ያውቃል?»

«ሁላችንም። ሐኪሙ እዚሁ ቆሞ ነው የነገረን። ለሰው የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ለሱ ጨጓራ ግን ምላጭ ነው፣ የአሲዱ መድኃኒት ከተቋረጠ ደግሞ ጭራሽ አይነሣም ብሎ።»

«ከዚያ ወዲህ በቤቱ የተለወጠ ነገር አለ?»

ልጅቱ መርፌውን አቆመች። «አባዬ ካንድ ወር በፊት እዚሁ ታች ምሳ ላይ፣ ከኔ በኋላ መጠረዣውን የምትመራው ልጄ ናት አለ። አጎቴ ሳቀ። ‹ይገባታል› አለ። ሌላ ምንም አላለም።»

«አስታማሚዋ ስለ ዱቄቱ ነግራሽ ነበር?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች።

ወርቅ ለባጩ በመስኮቱ ሥር ሥራውን አላቋረጠም። የእንቁላል ነጭ በጽዋ መትቶ፣ በቀጭን ብሩሽ የመጽሐፉን ጀርባ ቀብቶ፣ የወርቅ ቅጠሉን ትንፋሹን ይዞ አስቀመጠበት። ከዚያ ለስላሳ ድንጋይ የተሰካበት እንጨት አንሥቶ ወርቁን ይወለውል ጀመር።

«በእንቁላል ነው እንዴ የሚጣበቀው?»

«ከእንቁላል ነጭ የሚበልጥ የለም። ቀጭን ነው፣ አይታይም። ሙጫ ያብጣል።» ሥራውን አቅርቦ አሳያት። «እዩት። ሠላሳ ዓመት ስሠራ አንድ መጨማደድ ከእጄ አልወጣም። ትንሽ ሽብሽብ ካየሁ ምግብ አይበላልኝም።»

«መጽሐፉ ላይ የሚታተመው ስም ግን የወንድምዎ ነው።»

«ደንቡ ነው። ታላቅ ታላቅ ነው።» ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ጥርሱ ላይ ቀረ። ከዚያ ያበጡ የጣቶቹን መገጣጠሚያዎች አሻሸ።

«ያምዎታል?»

«ኪኒን ባይኖር ብሩሽ አልጨብጥም። እርስዎ ግን ምን ያደክምዎታል? ሴትየዋን ይዘው ይሂዱ። አውቃ አይደለም፣ ድንቁርና ነው። ለደንቆሮ ሰው መድኃኒት መስጠት፣ ለሕፃን ምላጭ እንደ መስጠት ነው።»

«ልክ ነዎት» አለች መርማሪዋ። «ስለ ምላጩ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ የላቦራቶሪው ስልክ መጣ። መርማሪዋ ሁሉንም መጠረዣው ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሦስቱ ተቀመጡ። አስታማሚዋ በሩ ሥር ቆማ ቀረች።

«ለእሳቸው ወንበር ይምጣ» አለች መርማሪዋ።

«እሷ መቆም ለምዳለች» አለች ሚስትየዋ።

«እኔ ግን ማየቱን አልለመድኩም። ያምጡላቸው፣ እትዬ። ራስዎ።»

ወንበሩ መጣ። ሚስትየዋ ስታስቀምጠው ወለሉን አንኳኳችው። መርማሪዋ ከቆርቆሮው ሁለት ማሸጊያ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። አጠገባቸው አንድ ሳህን ውኃ አኖረች።

«ከጉልበቱ ኪኒን እንጀምር። ከቦርሳው አልወጣም፤ ቁጥሩም አልጎደለም። ስለዚህ ያ ታሪክ ውሸት ነው። አራት ቀን ሙሉ ሦስት የተማሩ ሰዎች ቦርሳ ከፍቶ ማየት አቅቷቸው ሰው ቆልፈዋል። ይህን ያዙልኝ።»

መርማሪዋ አንዱን ማሸጊያ በጣቷ ገፋ አደረገች።

«ሁለተኛ። ካፕሱሎቹ ውስጥ መኖር የነበረበት አሲድ የሚቀንስ ፍሬ ነው። ላቦራቶሪው ያገኘው የተፈጨ ማስታገሻ ነው። የጨጓራውን ጋሻ አውጥቶ በቦታው ምላጭ ያስገባ ሰው አለ። ሟች በየጠዋቱ፣ በባዶ ሆዳቸው፣ በሰዓቱ፣ እንደ ታዘዘው ወሰዱት። ትእዛዝ በማክበር ሞቱ።»

ልጅቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሦስተኛ። ይህን ያደረገው ሰው ካፕሱሉ ማንኪያ ላይ እንደሚከፈት አያውቅም ነበር። እንደ ማንኛውም ሰው ይውጡታል፣ ውስጡን የሚያይ የለም ብሎ ነው። አስታማሚዋ በየቀኑ ትከፍተዋለች። ገዳይ ብትሆን ስለ ዱቄቱ ቤት ለቤት እየዞረች አትናገርም።» ወደ እናትና ልጅ ዞረች። «ለእናንተ ተነገራችሁ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ገዳይ ብትሆኑ ኖሮ፣ ነገሩ እንደ ታወቀ ስትሰሙ በዚያው ቀን ማሸጊያውን ታጠፉት ነበር። እናንተ ግን ሰምታችሁ ተዋችሁት። ነፃ ያወጣችሁ ቸልተኝነታችሁ ነው፤ እንዳትኮሩበት።»

«እንዴት እንዲህ ይሉናል?» አለች ሚስትየዋ። «ባሌ ነው የሞተው።»

«ሰገራቸው ጠቁሮ የነበረውም ባልዎ ናቸው። ያን ቀን ሐኪም ዘንድ ቢደርሱ ዛሬ ታመው ተኝተው እናገኛቸው ነበር።»

ሚስትየዋ ቦርሳዋን አጥብቃ ያዘች።

መርማሪዋ አሮጌውን ማሸጊያ አንሥታ ሳህኑ ውስጥ ነከረችው፤ ወዲያው አዲሱን ከጎኑ።

«አራተኛ። ካፕሱሎቹን አውጥቶ ለመመለስ የማሸጊያው የብር ወረቀት ተልጦ እንደገና መለጠፍ አለበት። ፋብሪካ የብር ወረቀቱን በሙቀት ነው የሚያጣብቀው። ውኃ አይፈታውም። አሮጌውን እዩት፤ እንዳለ ነው። አሁን አዲሱን ጠብቁ።»

ጠበቁ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ውኃው ላይ ተኝቷል። ትንሽ ቆይቶ የአዲሱ ማሸጊያ ጥግ ቀስ ብሎ ተላቀቀ፤ የብር ወረቀቱ እንደ ቅጠል ተንሳፈፈ። ከሥሩ ነጭ፣ የሚያሟልጭ ነገር ውኃውን አደፈረሰው።

«የእንቁላል ነጭ» አለች ልጅቱ፣ ለራሷ ያህል። ቀና ብላ አጎቷን አየችው።

«እንቁላል ማንም ይገዛል» አለ ወርቅ ለባጩ። «እኔ ብቻ ነኝ እንዴ እንቁላል የማውቀው? ቁልፍ ያለው ሁሉ ገብቶ ከጽዋዬ መቅዳት ይችላል።»

«ይችላል። አብሬዎት ነኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ወረቀቱን ለጥፎ፣ ተጨማዶም ቢሆን ትቶት ይሄድ ነበር። የመድኃኒት ማሸጊያ ጀርባ ቢጨማደድ ማን ያያል? ይህ ሰው ግን መጨማደዱ አላስቀመጠውም። ድንጋይ አንሥቶ ወለወለው። ፋብሪካው ያተመው ጥልፍልፍ ጠፍቶ አፍንጫዬ እስኪታየኝ ድረስ ወለወለው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማሸጊያ፣ አርብ ማታ ከተረሳ እስከ ሰኞ ጠዋት። መግደሉን ጨርሶ ሲያበቃ ማሳመሩን መተው አልቻለም።» የብር ወረቀቱን ከውኃው አውጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። «ይህች ጥግ ላይ ብቻ ትንሽ ተሸብሽባ ነበር መሰለኝ።»

ወርቅ ለባጩ ማየት አልፈለገም፤ ዓይኑ ግን አልታዘዘውም። ጎንበስ ብሎ አየ።

«የትኛዋ ጥግ?» አለ። «አንዷም አልተሸበሸበችም።»

የተናገረው ለራሱ ጆሮ ሲደርስ ፊቱ አመድ መሰለ። ልጅቱ ቀስ ብላ ተነሣች።

«አባዬን?» አለች። «አጎቴ፣ አባዬን?»

«ሠላሳ ዓመት» አለ ወርቅ ለባጩ። ድምፁ ሲወጣ ታፍኖ የኖረ ንዴት አብሮት ወጣ። «እጁ የኔ፣ ስሙ የሱ። ሰው መጽሐፍ አንሥቶ ወርቁን ያያል እንጂ ክሩን አያይም። ያየው ደግሞ ‹ወንድምህ እጀ ወርቅ ነው› ይለኛል፤ ለኔ፣ በኔ ፊት። ታላቅ ነውና ዝም አልኩ። ሲደክም ተራዬ ይደርሳል አልኩ። እሱ ግን ትናንት መርፌ የያዘች ልጅ አለቃዬ አደረጋት። እኔ አልገደልኩትም። የገደለው የገዛ ጨጓራው ነው።»

«ጨጓራቸው ቁስል ብቻ ነው የነበረው» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ ምላጭ ነው ሲል እዚህ ቆመው ሰምተዋል። የፈጩት የራስዎን የጣት ማስታገሻ ነው። ካርቶኑንም ሰኞ ዕለት የሰረቁት እርስዎ ነዎት፤ ባዶ መሆኑ ሲገባዎት ነው በር የቆለፉት፣ የቀረው ከማን እጅ እንዳለ ስለ ገመቱ። ‹ድንቁርና ነው› ብለውኝ ነበር። ከዚህ ቤት መድኃኒቱን በትክክል ያወቀው ሰው አንድ ነው፤ እሱንም ባልዲ ላይ ነው ያስቀመጡት።»

ፖሊሱ ገባ። ወርቅ ለባጩ ሲወጣ ማንንም አላየም። ልጅቱ አባቷ ሲሠራበት የኖረውን ጠረጴዛ ተደግፋ አለቀሰች፤ የሚያባብላት አልነበረም።

ሚስትየዋ ወደ አስታማሚዋ ዞረች።

«በይ እንግዲህ፣ እግዜር አወጣሽ» አለቻት። «ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ። ሐዘንተኛ ሊመጣ ነው፤ ሳሎኑ አልተጠረገም።»

አስታማሚዋ ከወንበሩ አልተነሣችም።

«አልጠርግም፣ እትዬ።»

«ምን አልሽ?»

«ለጋሼ ስል ነበር የቆየሁት። እሳቸው ሄደዋል። ሦስት ሳምንት ተናግሬ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ስምንት ጊዜ። ዘጠነኛውን ለእናንተ አልናገርም።» ወደ መርማሪዋ ዞረች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ዓይኗን አየቻት። «ቃሌን ይቀበሉኛል አይደል?»

«እቀበላለሁ። ከመጀመሪያው ይጀምሩ።»

«እሺ» አለች አስታማሚዋ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሲጽፉት ግን አያሳጥሩብኝ።»